«ሌቭል-ሄድድ» የተባልኩ ጊዜ

ደብረ ታቦር ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት ነርስ ሲፈልግ አመለከትኩ፤ የጤና ጣቢያችን ኃላፊም በእንግሊዝኛ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ከጉና ተራራ ሥር አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እንድለቅ አይፈልጉም ነበር። ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ቀና ብለው አላዩኝም። ያኔውኑ ጠረጠርኩ።

ቤቴ ገብቼ ሳነበው ከአንድ ቃል በቀር ሁሉም ገባኝ። ሁለት ቃል በሰረዝ ተያይዞ «ሌቭል-ሄድድ» ይላል። ሌቭል ደልዳላ፣ ሄድ ራስ። ጠፍጣፋ ራስ ብለውኝ ነው! በእንግሊዝኛ ሰድበው፣ ማኅተም መትተው፣ ስድቡን በገዛ እጄ ሊያስወስዱኝ ነው አልኩ። በማግስቱ ሰላምታቸውን በአንገቴ ብቻ መለስኩ። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሲሳሳቁ እንኳ እኔን የሚያሙ መሰለኝ።

ቅዳሜ ደብረ ታቦር ወርጄ፣ ጡረታ ከወጡት የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ቤት ሄድኩ። ወረቀቱን አጥፌ ቃሉን ብቻ አሳየኋቸው።

«እስቲ አንብቢው» አሉኝ።

«ሌቨል ሄአዲድ።»

ሳቁብኝ። «ዛሬም እንደ ድሮሽ ነሽ። እያጨበጨብሽ ከፋፍይው፦ ሌ፣ ቭል፣ ሄ፣ ድድ። አራት ነው። ሌ እና ሄ ላይ ጫን በይ።»

አጨበጨብኩ። «ትርጉሙስ፣ ጋሼ? ስድብ ነው አይደል?»

«ግንበኛ ግድግዳው ላይ ውሃ ልኩን ሲያስቀምጥ አላየሽም? ሁሉም ሲደናገጥ እንደዚያ ሳያጋድል የሚያስብ ሰው ማለት ነው። ምስጋና ነው፣ ልጄ።»

አላመንኳቸውም። ከኃላፊው ጋር ያገር ልጆች ናቸው፤ ሊሸፍኑላቸው ይሆናል። መናኸሪያው ደርሼ ቃሉን በጥቁር እስክርቢቶ ደፈንኩት።

ግን አላስቻለኝም። ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ገባሁ። «ጠፍጣፋ ራስ ያሉኝ ምን አጥፍቼ ነው?»

ግራ ገባቸው። ደብዳቤውን ዘርግቼ የደፈንኩትን ሳሳያቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«በክረምቱ ያቺ ወላድ ደም ሲፈሳት፣ አምቡላንሱ ጭቃ ይዞት ሲቀር፣ እኔ ምን አደረግሁ? ጮህኩ። አንቺ ግን ደሟን እየገታሽ፣ ገበሬዎቹን ጠርተሽ፣ በቃሬዛ ጭቃውን አሻገርሻት። እናትም ልጅም ተረፉ። ሌላ ምን ቃል ልጻፍልሽ?»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። እየሳቁ ጻፉልኝ፤ ሥራውንም አገኘሁ። አዲሱን ደብዳቤ ግን ከመቀበሌ በፊት፣ እዚያው ፊታቸው ቆሜ፣ አንድ በአንድ አነበብኩት።