በማማዱ ያስቀመጥነው ጠላ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2008 አልቆ 2009 ሲገባ፣ ከጋዛ የሚተኮሰው ሮኬት እኛ ወዳለንባት የእስራኤል ከተማ ወደ አሽዶድ መድረስ በጀመረበት የብርድ ወራት ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ደንግጬ ስለማላውቅ፣ ጠላ ስለ መጥመቅ በተጠየቅኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

ባለቤቴ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ወታደርነት፣ ተጠርቶ ወደ ጦሩ ሄዷል። ሮቫ ቴት በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን የቀረነው እኔ፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ሺራና አማቴ እማ ዘውዲቱ ነን። ሲመለስ በጠላ ልቀበለው ብዬ ተነሣሁ እንጂ በሕይወቴ ጠምቄ አላውቅም።

ጎረቤቴ አበባ፣ ለጀማሪ ከእህል መነሣት ድካም ነው፣ የደረሰ ድፍድፍ ልስጥሽና ውሃ ጨምሪበት አለችኝ። ደስ አለኝ። አማቴ ግን ተቆጡ። በሰው ድፍድፍ የተጠመቀ የሰው ጠላ ነው አሉ። በጎንደር ገጠር የተመሰከረላቸው ባለሙያ ስለነበሩ ማን ይከራከራቸዋል! ገብሱን ዘፍዝፌ አበቀልኩ፣ ብቅሉን አደረቅኩ፣ አሻሮውን ቆላሁ፣ ጌሾውን ወቀጥኩ። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው ያዛሉ፤ የእኔ መዳፍ ተላጠ።

ጋን ስላልነበረን የወይራ ፍሬ የሚዘፈዘፍበት፣ ክዳኑ በብረት ቀለበት የሚቆለፍ የፕላስቲክ በርሜል ገዛሁ። ጠላውን ከሞላን በኋላ አማቴ አፉ መመረግ አለበት አሉ። ጭቃ የለም። ቀለበቱን ቆልፈው ዙሪያውን በፕላስተር ደጋግመው ጠመጠሙት። ከዚያ ማማዱ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ግድግዳው ኮንክሪት የሆነው፣ ሮኬት ሲመጣ የምንጠለልበት ክፍል ነው። በዚያ ሰሞን ሺራንም የማስተኛት እዚያው ነበር፣ ከቤቱ ሁሉ የሚታመነው እሱ ነዋ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሺራን አስተኝቼ ዕቃ ሳጥብ ቤቱ በፍንዳታ ተናወጠ። የማስጠንቀቂያው ጩኸት አልተሰማም። ጎረቤቶች በደረጃው ሲሮጡ ሰማሁ። ሮኬት ነው ብዬ ልጄን ላቅፍ ወደ ማማዱ በረርኩ። በሩን ስገፋ የጌሾ ሽታ ፊቴን መታኝ። ጣሪያው ላይ የተለጠፈው ድፍድፍ ይንጠባጠባል። የበርሜሉ ክዳን ከነብረቱ የልጄ ትራስ ላይ ወድቋል። አልጋው ባዶ ነው።

ጮኼ እንደሆን አላስታውስም። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ፣ ከአልጋው ሥር አየሁ፣ የለችም። ወደ አማቴ ክፍል ሮጥኩ።

ያገኘኋት አማቴ አልጋ ላይ፣ ከጀርባቸው ተጠቅልላ ነው። እሳቸውም መምጣቷን አላወቁም፤ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። "በርሜሉ ሽሽ ይላል፣ ፈራሁት" አለችኝ።

አማቴ ወደ ማማዱ ገብተው ትራሱን አዩ። እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አሉ። ጎረቤቶች ነገሩን ሲሰሙ መሳቅ ጀመሩ፣ እኛ ግን አልቻልንም። አማቴ ወደ እኔ ዞረው፣

"ጋን ቢመርጉትም ይተነፍሳል፣ ልጄ። ይኼ አይተነፍስም" አሉኝ። "ለካ እዚህ አገር እኔም ጀማሪ ነኝ።"

ጥፋቱ የእህሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ለጀማሪ ሁሉ፣ መጀመሪያ የደረሰ ድፍድፍ ለምኚ፣ አፉንም አታፍኚው እላለሁ።

ባለቤቴ በደህና ተመለሰ። አማቴ ሺራን አቅፈው አለቀሱ። የእሱ ናፍቆት መስሎት፣ "ይኸው መጣሁ አይደል፣ ምን ያስለቅስዎታል?" ይላቸዋል። የትራሱን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርነውም፤ ልነግረው አፌን በከፈትኩ ቁጥር ወሬውን ወደ ሌላ አዞረዋለሁ።