የተከሳሽ ቡና

ትናንት ከከተማችን መርካቶ ወደ ሰፈሬ ጊንጆ ጉዱሩ በባጃጅ ስመለስ፣ ሬዲዮው ስለ አንድ ነጋዴ ሲያወራ «ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተበት» አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «አበቃለት በቃ፣ ሌባ» አለች። «ልጄ፣ ገና ተከሰሰ እንጂ መች ተፈረደበት?» አልኳት። ፈገግ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ግን ሐሳቤ ያደግኩባት የገጠር መንደር፣ የቡ ገባ።

ያኔ ኮረዳ ነበርኩ። የጎረቤታችን የከማል የቡና ማድረቂያ አልጋ ከነቡናው ተቃጠለ። ከአባቴ ጋር በድንበር ይጨቃጨቁ ስለነበር ከማል አባቴን ጠርጥሮ ለፖሊስ አመለከተ። ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ፤ አባቴ በዋስ ወጥቶ ቀጠሮውን ይጠብቅ ጀመር። መንደሩ ግን ዳኛ አልጠበቀም። ሰላምታ እንኳ ነፈጉን።

ቡናችን ቀልቶ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ዝናብ ካገኘው አለቀ፤ የዓመት ጉሮሯችን ደግሞ እሱው ነው። አባቴ እንደ ወጉ ደቦ ጠራ። እናቴ በማለዳ ተነሥታ ጎደሬ ቀቅላ፣ ዳጣ ፈጭታ ለሰዉ ሁሉ አሰናዳች። ፀሐይ ወጣች፣ ሞቀች፤ የመጣ የለም። ጎደሬው ቀዘቀዘ። አባቴ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ኋላ ላይ ግን ከማል ራሱ ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ከች አለ። እናቴ ክው አለች።

«ከማል፣ አንተው ከሰህ አንተው ትመጣለህ?»

«ክስማ ‹እሱ ነው› ማለቴ ነው። መሆን አለመሆኑን አላህ ያውቃል፣ ዳኛው ይፈርዳል። ከተፈረደበት ይታሰር፤ እስከዚያ ግን ጎረቤቴ ነው። ቡናው ሲረግፍ ቁጭ ብዬ አላይም፣ ወላሂ። በሉ ኮታ!» አለ በኦሮምኛ፣ «ኑ ወደ ቡናው እንግባ።»

አባቴ ብድግ ብሎ ቅርጫቱን አነሣ። ተበደልኩ ባዩ ከገባ ሌላው ምን ይላል? አንገቱን ደፍቶ አንድ አንድ እያለ ሰዉ ሁሉ መጣ። ለምሳ ጎደሬው አልበቃ ብሎ ሌላ ተጣደ።

ፍርድ ቤት ሲጠየቅም ከማል «እሳቱን አየሁ፤ የለኮሰውን ግን አላየሁም» አለ። ንዴቱ ሳይበርድለት እንኳ ካየው በላይ አንዲት ቃል አልጨመረም። አባቴ በነፃ ተሰናበተ።

ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። አሁን በየስልኩ ላይ ሁሉም ከሳሽ፣ ሁሉም ዳኛ ሆኗል፤ ከማልን ሳስበው እስካሁን ይደንቀኛል። አባቴን ነፃ ያወጣው ዳኛው ነው። ፍርዱ እስኪመጣ ድረስ ሰው አድርጎ ያቆየልን ግን ከሳሹ ነበር።