በበዓል የማይታረስ ማሳ

የአዲሱ ገበያ የዕድራችን ሰዎች በማለዳ መጥተው የባለቤቴን ሞት ሲያረዱኝ፣ ቤት ረስቶት የወጣው ስልኩ ሶፋው ላይ ይጮህ ነበር። የእርሻ ጌሙ ነው፤ ስንዴው ደረሰ ማለቱ ነው።

ያንን ጌም አልወደውም ነበር። "የሃምሳ ዓመት ሰው እህል በጣቱ ያጭዳል?" እለዋለሁ።

"አንቺ ስትስቂ እኔ ጎተራ ሞላሁ" ይለኛል።

ከአርባው በኋላ ልጄን ሄለንን "አጥፊልኝ" አልኳት። ስትከፍተው ማሳው አረም ውጦታል። አጠገቡ የሚያርስ፣ በአካል የማናውቀው ተጫዋች ደግሞ መልእክት ልኳል። ሄለን የቆዩትን መልእክቶች እያነበበች ሳቀች።

"እማዬ፣ አባዬ እኮ እዚህም በሚካኤልና በመድኃኔዓለም ቀን አያርስም ነበር። ሰውየውንም አስለምዶታል።"

ከዚያ የመጨረሻውን አነበበችልኝ፦ "ጋሼ፣ አሁንስ የማን በዓል ነው? ረዘመብኝ። እርስዎን እየጠበቅኩ እኔም አላረስኩም።"

ጌሙን አላስጠፋሁም። ለሰውየው ማረፉን ጻፍኩለት፤ በጸሎት እንዲያስበው የክርስትና ስሙንም ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ወልደ ሚካኤል ነው። ስትጸልዩ አስቡልኝ።