ከጎን የተሣለ ፊት

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ካለ ካፌ ተቀምጬ ሳለሁ ሙሉቀን ከኋላዬ መጥቶ አቀፈኝ። ሁለታችንም ጡረተኞች ነን፤ የሱ ሆድ ገፍቷል፣ የኔ ፀጉር ሸሽቷል። «አንተ ሠዓሊ! እስኪ ዛሬ እንኳ ሣለኝ» አለኝ። እርሳሴን ከኪሴ አወጣሁ።

ወጣት የሥዕል መምህር ሳለሁ እሱ በዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምር ነበር። ፔዳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ደመወዝ ሲወጣ ሐይቁ ዳር ወርደን የተጠበሰ ዓሣ ከአንድ ሰሃን እንበላለን። አጥንቱን እየለቀመ የሚያጎርሰኝ እሱ ነው።

ቀለም ስላልነበረን ልጆቹን በመስመር ብቻ አስተምራቸው ነበር። እርሳስ ከወረቀት ሳይነሣ ታንኳ፣ ደንገል፣ የዋርካ ሥር። በጥቅምት፣ ዝናቡ ቆሞ ሐይቁ ሲጠራ፣ ወደ ሰው ፊት ተሸጋገርን። ፊት በመስመር ጠርቶ የሚታየው ከጎን ነው፤ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ በአንድ ጉዞ ይወርዳል። ማን ይቀመጥልን ስል ሙሉቀን ዲሬክተሩን ለመናቸው፤ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያስቀመጣቸውም እሱ ነው። የቄስ ልጅ ነበሩ፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው ተቀመጡልን። ልጆቹ እንዲያ ፀጥ ሲሉ አይቼ አላውቅም።

የወላጆች ቀን ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ለጠፍናቸው። ከሐይቁ ገዳማት ባንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ጠጋ ብለው አዩና ወደ ዲሬክተሩ ዞረው፣ «ምነው ጌታው፣ ባንድ ዓይን? ከይሁዳ ጋር ደመሩዎት እኮ!» አሉ። በደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ግን ከጎን ባንድ ዓይን ይሣላል። መስመሩ ብቻ ታይቶኝ ይኸ ጨርሶ ትዝ አላለኝም። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ ዲሬክተሩ አልሣቁም።

ቢሮ ስጠራ አልፈራሁም፤ ሙሉቀን አብሮኝ ገብቷል።

«እኔ አስጠንቅቄው ነበር» አላቸው። «‹እያወቅሁ ነው፣ ይዋረዱ› አለኝ።»

«ሙሌ?» አልሁት። መስኮቱን ያያል። ባጎረስሁ እጄን ተነከስሁ ይላል ሰው፤ እኔን ግን ያጎረሰኝ እጅ ራሱ ገፈተረኝ። ፈርቶ ይሁን ሌላ ተመኝቶ፣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ተሰርዞ ለሱ ለአማርኛው ተጨመረ፤ እኔ ከሐይቁ ማዶ ወደ ደልጊ ተዛወርሁ። ሥዕሎቹ ሲነቀሉ አንዲት ተማሪዬ፣ «ጋሼ፣ እርሳሱን እኮ አላነሣንም፤ ምን አጠፋን?» አለችኝ።

ቅዳሜ ዕለት ሙሉቀን ደረቱን ነፍቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ወደ ሐይቁ ዙር» አልሁት።

ከግንባሩ እስከ አገጩ እርሳሴን ሳላነሣ አወረድሁና ወረቀቱን ሰጠሁት። ሣቁ ጠፋ።

«ሁለተኛው ዓይኔስ?»

«ያን ቀን ወደ መስኮቱ እንዳዞርኸው ነው፤ እስካሁን አላየሁትም።»

ዘመን ቂምን ይሽራል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ቀና ብሎ እስኪያየኝ ጠበቅሁ፤ እሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሐይቁን ማየት ቀጠለ።