ለዓይን የተሠራ ካርቡሬተር

አሮጌዋ እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ሳይክሌ ቆሻሻ ነበረች። ዘይት ታንጠባጥባለች። ላስነሳት በእግሬ ስመታት መልሳ መታችኝና አንዴ ቅልጥሜን ሰንጥቃዋለች። ፍሬኗም ደስ ሲላት ነው የሚይዘው። ግን ኮኪት ካለው የሰሊጥ እርሻዬ ስመላለስ አቧራ ቢያንቃት ካርቡሬተሯን ፈትቼ፣ በቤንዚን አጥቤ፣ በአፌ ነፍቼ እቀጥላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ከእንግሊዝኛ መጀመሪያ ያነበብኩትም የቤንዚን መያዣዋ ላይ ያለውን ስም ነው።

አንድ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ የዚችኑ ሞተር አዲስ ሞዴል በሱዳን በኩል አስገባ። ክቡ መብራት፣ መቀመጫው፣ ሁሉም ቁርጥ አሮጌዋን።

«እንለዋወጥ» አለኝ።

«አሮጌዋ ምን ትሠራልሃለች?»

«እወዳታለሁ። ይልቅ አንተ ተምረሃል አይደል? ስሙን አንብበው እስቲ!»

አነበብኩት። ያው ስም ነው። ካርቡሬተሩንም አየሁ፤ ቦታው ላይ አለ። ቁልፌን ሰጠሁት።

አልዋሽም፤ አዲሷ በአውራ ጣት ትነሳለች፣ ፍሬኗ ቀጥ ያደርጋል፣ ዘይት ጠብ አይላትም። ሁለት ወር ተኮፈስኩባት።

ከዚያ ሰሊጡ ደረሰ። የደረሰ ሰሊጥ ቶሎ ካልታጨደ አፉን ከፍቶ ይረግፋል። አጫጆቹ፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ ውሃ ካልደረሰላቸው ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት እርሻ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ ጭኜ ስሄድ አዲሷ እኩለ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። እንደለመድኩት ካርቡሬተሩን ፈታሁ። ክዳን ነው! ከሥሩ ሽቦ ብቻ፤ ቤንዚኑን የሚረጨው ኤሌክትሪክ ኖሯል። የሚታጠብ የለ፣ የሚነፋ የለ። ሰው ዓይን ለማታለል ብሎ ባዶ ቅርፊት ይሠራል? ተፋሁበት።

አንዱን ጀሪካን ተሸክሜ በእግሬ ስደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አጫጆቹ ዕቃቸውን ጠቅልለዋል።

«ጋሼ፣ ሞተርዎስ?» አለኝ አንዱ ጎጃሜ።

«ቆመች።»

«እሷማ የሙሽራ ናት። ውሃ ማመላለስ አይመጥናትም።»

ተሳሳቁ። ውሃዬን ጠጥተው ጨረሱና ሄዱ።

ሌላ አጫጅ እስካገኝ ሦስት ቀን አለፈ። ሰሊጤ መሬት ላይ ነበር፤ ጉንዳን እየተሸከመ ሲወስደው ቆሜ አየሁ። ነጋዴው ዘንድ ሄጄ አሮጌዋን መልስልኝ አልኩት።

«አንብበህ አይደል የወሰድካት?» አለኝ፣ አሮጌዋ ላይ እንደተቀመጠ። ከሥሩ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል።

አዲሷ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮዎች ይሰፍሩባታል። ስሙን ግን በማጭድ ፍቄ አጥፍቼዋለሁ።