ወንድሜ ለጀማሪ የሚያሰማው ሸክላ

ወንድሜ የሙዚቃ ሸክላ ይሸጣል ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሸክላ አለው፤ ሰው ሊገዛ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ የመጣውን ሰው ይመረምረዋል። ሐኪም እንኳ እንዲህ አይመረምርም። በመጨረሻ ሰውየው ያልጠየቀውን ይዞ ይሄዳል፤ ካልሆነም ባዶ እጁን። የሰፈሩ ሰው «ሸክላው» ይለዋል። እኔ ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። ሲያናድደኝም ጋሼ ነው የምለው፤ የሚለወጠው ድምፄ ብቻ ነው።

የምንሠራው በአንድ ክፍል ነው። እናታችን የተወችልን፣ በሩም መስኮቱም ወደ መንገድ የሚያይ ክፍል። በመስኮቱ በኩል የእኔ የእግር ስፌት መኪና አለ፤ መርፌ ውስጥ ክር ለመክተት ብርሃን ያስፈልጋልና። በግድግዳው በኩል የእሱ መደርደሪያ፣ ማጫወቻውና ሁለት ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች ተደርድረዋል። መሐል ላይ አንድ ወንበር አለ። እሱ ሙዚቃውን ለመስማት አዲስ ለሚመጣ ሰው፣ ለጀማሪ፣ የተተወ ወንበር ነው። ወገቤን አሞኝ አረፍ ብልበት እንኳ «ተነሺ፣ ሰው ይመጣል» ይለኛል።

በወጣትነቱ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ዳንስ ቤቱ ላይ ሸክላ ያጫውት ነበር። ሆቴሉ ዳንስ ቤቱን የስብሰባ አዳራሽ ሲያደርገው ሸክላዎቹን ሊጥሏቸው አወጧቸው፤ እሱ በጋሪ ጭኖ ቤት አስገባቸው። እኔ ያኔ ትምህርቴን ትቼ በእናቴ የስፌት መኪና ላይ ከተቀመጥኩ ቆይቻለሁ፤ የእሷ ዓይን ደክሞ ነበር፣ አንድ ሰው መቀመጥ ነበረበት፣ ተቀመጥኩ። ሸክላዎቹ ሲገቡ የእኔ የጨርቅ ቁም ሳጥን ወደ ግቢ ወጣ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ዝናብ አሳብጦት በሩ አይዘጋም።

ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ሶል የሚሉትን ሙዚቃ ነው። ለሰው ሲያስረዳ እንደሰማሁት፣ ባሕር ማዶ ያሉ ጥቁሮች በጸሎት ቤት የለመዱትን ዜማ አውጥተው ለፍቅር፣ ለመለየትና ለብሶት ያዋሉት ሙዚቃ ነው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለብኝም። ጣጣው የሚጀምረው አንድ ሰው ገብቶ «ሶል መስማት ፈልጌ ነበር፣ ከየትኛው አልበም ልጀምር?» ሲል ነው። ያኔ ወንድሜ መነጽሩን ያወልቃል።

«ሰው ሞቶብህ ያውቃል?»

«እ... አያቴ።»

«የተለየችህስ አለች?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰሃን ሳጥብ የምሰማው ነገር ነው የፈለግኩት።»

«ሰሃን!» ብሎ ወደ እኔ ይዞራል፤ ሰውየውን እኔ የላክሁበት ይመስል። «ሰምተሻል? በሶል ሰሃን ሊያጥብ ነው!»

አልበሞቹን የሚጠራው በራሱ ባወጣላቸው ስም ነው። ሰው ለሞተበት «ባለ ባርኔጣው» ይታዘዛል፤ ድምፁ ጎርናና የሆነና መለከቱ ከሩቅ የሚመልስለት ሰውዬ ነው። ለተለየ ደግሞ «ጀርባዋን የሰጠችው» አለች፤ የሸክላው ልባስ ሥዕል ላይ ፊቷ አይታይም። ምንም ላልሆነ ሰው ምን እንደሚሰጥ ግራ ይገባዋል። «አንተ ገና ነህ፤ ሂድና ኑር» ብሎ የመለሰውን ጎልማሳ አውቃለሁ። በታክሲ ውስጥ ሰምቶ የወደደውን ታዋቂ አልበም ስጠኝ የሚለውንማ አያድርስ። «ቤት በጣራ አይገባም!» ይለዋል። ያ አልበም ጠረጴዛ ሥር፣ በእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው ሕጉን ነው። ጀማሪ ከመግዛቱ በፊት የሸክላውን አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መስማት አለበት። ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ እጅ ጭን ላይ። ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ ያነሣል።

«እታለም፣ መኪናው።»

እታለም የሚለኝ ያኔ ብቻ ነው። መኪናዬን አቆማለሁ ማለት ነው፤ እጄን ጨርቁ ላይ አድርጌ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። የሰው ዚፕ ሳልቀይር፣ የሰው ሱሪ ሳላሳጥር፣ በማይገባኝ ቋንቋ ሲለቀስ እውላለሁ። የቀብር ቤት ሠራተኛም ከእኔ የተሻለ ይስቃል።

አንድ ቀን ከፍ ብሎ ያለው የመዋዕለ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት መጣች። ለወንድሜ መስላኝ ነበር፤ ለእኔ ሆነች። የልጆቹ ሰማያዊ ጋዎን እንዲሰፋላት ነው የፈለገችው።

«ትምህርት ሰኞ ይጀመራል» አለችኝ። «አርብ መጥቼ አያለሁ። ደርሶ ከወደድኩት የየዓመቱ ሥራ ያንቺ ነው። ካልሆነ ከፋብሪካ አዛለሁ።»

ይህ ለእኔ ምን እንደሆነ ልናገር። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሌላ ሰው የሰፋውን ማጥበብ፣ ማስፋት፣ መጣፍ ነው። ከሙሉ ጨርቅ ጀምሬ፣ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ቁልፍ ተክዬ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የምለው ልብስ የለኝም። መንገድ ላይ ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው በእኔ ጋዎን ሲያልፉ በመስኮቱ ማየት ፈለግኩ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልፈለግኩም።

ለወንድሜ ነገርኩት። «በጣም ጥሩ» አለ። «ጎበዝ።» ወዲያው አንድ ጀማሪ ገባ። «እታለም፣ መኪናው።»

ያን ሳምንት ጀማሪዎች የተላኩ ይመስል ጎረፉ። ሐሜተኛ ጎረቤት እንኳ እንዲህ አይመላለስም። ረቡዕ ላይ የተቆረጠው ጨርቅ ክምር ከተሰፋው ክምር ይበልጥ ነበር። እዚያ ላይ አንዲት ነርስ ገባች። የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም፤ ፊቷ ላይ የሌሊት ፈረቃ አለ።

«ጋሼ፣ እዚህ ሶል መስማት ይጀመራል ሲሉ ሰምቼ ነው» አለች።

«ሰው ሞቶብሽ ያውቃል?»

«በየሳምንቱ» አለች።

ወንድሜ ከባለ ባርኔጣው ቅጂዎች አንዱን አወጣ፣ በክንዱ ጠረገው፣ አስቀመጠ። ጣቱን አነሣ።

«እታለም፣ መኪናው።»

«አላቆምም» አልኩት።

«እንግዳ ፊት?»

«ልጆቹ ሰኞ ራቁታቸውን ይግቡ?»

እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግኩና ሰፋሁ። እጅጌ፣ ጎን፣ ጠርዝ። ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ ጣራ ጣራውን ያያል። ነርሷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ የጫማዋ አፍንጫ ከፍ ዝቅ ይላል። ገጹ ሲያልቅ ሸክላውን ገዝታ ሄደች። ወንድሜም እስከ ማታ አላናገረኝም፤ ዕረፍት ነበር።

ሐሙስ ሸክላውን ይዛ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ይሄ ሸክላ ተበላሽቷል። ከበሮው የለም።»

«የምን ከበሮ?»

«እዚህ ስሰማው ከሥር የሚሄድ ነገር ነበረው። ጠክ ጠክ ጠክ እያለ ይሮጥና ቀጥ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ቤት ስከፍተው የለም። ሰውየው ብቻውን ነው የሚጮኸው።»

ወንድሜ አጫወተው። ሰማ። «ምንም አልጎደለውም» አለ። እሷ ግን «የለም፣ ጎድሎታል» አለች። እሱ ደግሞ በጆሮው የሚመጣበትን አይወድም። የማጫወቻውን መርፌ አወለቀ፣ በብሩሽ ጠረገ። ገመድ ቀየረ። ማጉያውን ገልብጦ ከፈተ፤ ከሆዱ አቧራና የሞተ በረሮ ወጣ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፍጹም ጸጥታ ያስፈልጋል ብሎ የእኔን መኪና አስቆመ። ማቆሜ ሞኝነት ነበር፤ ግን የልጅቷ ነገር አሳዘነኝ፣ ቶሎ ያልቃል አልኩ። ቶሎ አላለቀም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትወርድ ድረስ ያንኑ ዘፈን ሰባት ዓይነት አድርጎ አሰማን፤ ነርሷም በየመሐሉ «አይ፣ አይደለም» ትላለች። ሁለቱም ጸጉራቸው የቆመ ይመስላል። እኔ ሐሙስ ሲያልቅ እያየሁ ነው።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። «ፈልጉት እንግዲህ!» ብዬ እግሬን ፔዳሉ ላይ ጣልኩት።

ነርሷ ከወንበሩ ዘላ ተነሣች። «ይኸው! መጣ! ይሄ ነው!»

ወንድሜ ማጉያውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ መኪናዬን ዓይቶት እንደማያውቅ አድርጎ አየው። የጠርዙ መስመር አለቀና እግሬን አነሣሁ፤ ጠክ ጠኩ ቀጥ አለ።

«አየህ፣ እንዲህ ቀጥ ይላል» አለች ነርሷ፣ በደስታ።

እኔ ሳቄ መጣ። በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ነበር፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ወንድሜ አልሳቀም። ብሎን መፍቻውን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ፣ በጀማሪው ወንበር ላይ፣ ተቀመጠ።

«ስንት ዓመት ሙሉ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እያስቆምኩሽ...»

«አዎ» አልኩት።

ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን ትንሽ ፈጠንሽ» አለኝ።

አንዳንድ ሰው ከዚህ አያልፍም፤ ተውኩት። ነርሷ ግን ክምሩን አይታ ኖሮ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ለነገ ነው? መርፌ ስጪኝ፣ እጄን አጣጥፌ መስማት አይሆንልኝም» አለች። ወንድሜ ሕጉን ሊጠቅስ አፉን ከፈተ፣ ከሰዓቱን በሙሉ ማን እንደበላብኝ ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው። ልጅቷ ቁልፍ ስትተክል ቁስል የምትሰፋ ነው የሚመስለው፤ እጇ የተባረከ ነው።

አርብ ጠዋት የገባውን ጀማሪ ሁሉ ወንድሜ ራሱ በር ላይ ይዞ «እጅህን ታጥበሃል?» ይለው ጀመር። አሁን ደግሞ ሕጉ ሌላ ሆነ፦ ሶል የሚሰማው ቁልፍ እየተተከለ ነው። ያ ሰሃን አጣቢም ተመልሶ መጣ።

«ለሰሃን ከልክለኸኝ ለቁልፍ ፈቀድክ?» አለው።

«ቁልፍ ሌላ ነው። ቁልፍ ያገናኛል» አለው ወንድሜ፣ ፊቱ ሳይነቃነቅ።

ረዱኝ አልልም፣ አልረዱኝም አልልም። ሰሃን አጣቢው ጀርባዋን የሰጠችውን ሲሰማ፣ ድምፅዋ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ልቡ ጠፍቶ የአንዱን ጋዎን ኪስ ከአፉ ሰፍቶ ዘጋው። ስተረትረው ወንድሜ «ኧረ አትቆጪው፣ ማዘኑን አታዪም?» ይለኛል። እኔ ያየሁት ኪሱን ነው። ሌላው ቁልፉን በስተውስጥ ተከለ። እኔ በአንድ እጄ እሰፋለሁ፣ በአንድ እጄ የእነሱን እተረትራለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ «ቀስ በይ፣ ይሄ ቀስ ያለ ዘፈን ነው» ይለኛል። «ዘፈኑን አፍጥነው» አልኩት።

ርዕሰ መምህርቷ ስትገባ የመጨረሻው ጋዎን እጄ ላይ ነበር፤ ሁለት ቁልፍ ይቀረዋል። ሌሎቹ ተጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አንዱን አነሣች፣ ገለበጠች፣ ጠርዙን ሳበች። ሌላ አነሣች። እኔ መርፌዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አፏን ልትከፍት ስትል ማጉያው ውስጥ ባለ ባርኔጣው ጀመረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

በውስጤ «ጋሼ፣ በሞቴ ዝም በል» አልኩ።

«ሶል ነው» አለ ወንድሜ፣ መነጽሩን እያወለቀ። «ሰምተውት ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ከዚህ ነው የሚጀመረው?»

«መጀመሪያ ይቀመጡ። ሰው ሞቶብዎት ያውቃል?»

«ባለቤቴ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። ከዚያም ተቀመጠች። ጋዎኑን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ተቀመጠች። ወሬ የለም፣ ሕጉ ነው፤ ሥራው የእኔ ይሁን የፋብሪካው ሳላውቅ የሸክላውን አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ልጠብቅ ነው። እግዜር ያሳያችሁ።

ወንድሜ ጣቱን ወደ እኔ አነሣ። «እታለም፣ መኪናው።»

የሚሰፋ ጨርቅ አልቆብኛል። ከታዋቂው አልበም ላይ መጠቅለያውን ቁርጥራጭ ገፍፌ ከመርፌው ሥር አደረግኩና፣ ምንም የማይሆን ጨርቅ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ሰፋሁት። ሴትዮዋ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ በመስኮቱ መንገዱን እያየች፣ በጣቷ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትነካካለች። ገጹ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረች።

«ለሚመጣው ዓመት ሱሪም ይጨመርበታል» አለችኝ። «ጨርቁን ቀደም ብዬ እልክልሻለሁ፤ እንዲህ አትሩጪ።»

እግዜር ይስጥልኝ ልል አፌን ስከፍት እሷ ወደ ወንድሜ ዞራለች።

«ሌላኛውን ገጽ ያዙሩልኝ» አለችው።

ሁለቱ ቁልፎች አሁንም አልተተከሉም። እግሬን ወደ ፔዳሉ መለስኩ።