ስለ እጃቸው ያልጠየቅኩት

በደርግ ዘመን፣ መንገዱ በጦርነት ሳይዘጋ፣ ሰቆጣ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ሐኪም በሌለበትም እንደ ሐኪም እኮራለሁ። አንድ ዓመት ከወደ ደሴ አንድ ሐኪም ተመድቦ መጣ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ የካንሰር ሕመምተኛ «በቃ፣ ቤትህ ግባ» ሲባል ሲሰማ ግን ይናደዳል።

«መዳኑ ባይሆንላቸውም የቀረቻቸውን ዕድሜ በገዛ እጅና እግራቸው ይኑሯት» አለኝ። ሙከራ አቀድን። ያሉንን ጥቂት ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ከፈልናቸው፤ ግማሾቹ ወዲያው ሰውነት ማፍታታት ይጀምራሉ፣ ግማሾቹ ሦስት ወር ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ለውጡን እናስተያያለን። ሐኪሙ አንድ ደንብ ጨመረ፤ ከሚጠብቁት መካከል «ባሰብኝ» ያለ በዚያው ቀን ይጀምር። በየወሩ ጠይቄ መልሱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «የአገሩ ልጅ ነህ፣ ሰውህን ታውቃለህ» ተብዬ!

ጥቅምት ላይ ከጋዝጊብላ አንዲት እናት መጡ። ጡታቸውን አስቆርጠው ነበር፣ በሽታው ግን ተመልሶ መጣባቸው። ቀኝ ክንዳቸው መተሳሰር ጀምሯል። በመንደራቸው የሙሽራ ጸጉር የሚሠሩት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ በጥር ትዳራለች፤ ሹሩባዋን በእጄ ልሥራላት እንጂ ሌላው የፈጣሪ ፈቃድ ነው» አሉኝ።

ዕጣው ከሚጠብቁት ጋር ጣላቸው።

ኅዳር ላይ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጡ። የጀመሩት ሴቶች ክንዳቸውን ለማፍታታት በጣቶቻቸው ግድግዳውን ሽቅብ ሲወጡ፣ እኔም የደረሱበትን በከሰል ምልክት ሳደርግ ቆመው አዩን።

«እንዴት ነዎት፣ እናቴ?»

«ተመስገን፣ ልጄ።»

«ሕመሙስ?»

«ይመስገነው። አንተስ? ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ታኅሣሥም እንዲሁ። ያኔ ነጠላቸውን በግራ እጃቸው ብቻ ሲያስተካክሉ አይቻለሁ። አይቼ አልጻፍኩትም፤ ቅጹ ስለ ነጠላ አይጠይቅማ!

ሐኪሙ እንግዳ ነው፣ አይፈረድበትም። እኔ ግን አባቴ እያጣጣረ እንኳ «እንዴት አደሩ» ላሉት ጎረቤቶች «ተመስገን» ሲል የሰማሁ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ለጠየቀን ሁሉ መጀመሪያ ፈጣሪን እናመሰግናለን፤ ምሬት የሚወጣው አጠገባችን ቁጭ ተብሎ፣ ሁለቴ ሦስቴ ስንጠየቅ ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን አንዴ ጠይቄ እስክሪብቶ አነሣሁ። ሐኪሙ የቅጹን ጥራት ሲያደንቅልኝ ደስ መሰኘቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጥር ሲያልቅ ለመጨረሻው ግምገማ ቤታቸው ሄድኩ። ሰርጉ አልፏል። በር ላይ እህታቸውን አገኘኋቸው።

«ሹሩባውን የጎረቤት ሴት ሠራችው» አሉኝ። «እህቴ ቅቤውን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። እጇ እምቢ አላት።»

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቅጽ ከሚጠብቁት የባሰበት ሰው የለም ይላል። ጽሕፈቱ የኔ ነው።

ገባሁና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «እናቴ፣ እስቲ ቀኝ እጅዎን ያንሡልኝ» አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ክንዳቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ ቆመ።

«ምነው ባሰብኝ ባሉኝ!» ጮክ ብያለሁ። በራሴ ተናድጄ እንደሆነ እሳቸው በምን ያውቃሉ?

«አክብረህ ለጠየቅኸኝ ምሬት ልመልስልህ ኖሯል?» አሉ ቀስ ብለው። «ስለ እጄ ብትጠይቀኝማ እነግርህ ነበር።»

ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። «ዛሬውኑ እንጀምር፤ ይምጡ፣ ላሳይዎት» አልኩ።

ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«ለማን ጸጉር ብዬ፣ ልጄ?» አሉኝ።